አንድ ቤት፣ ሁለት የአየር ማፈትለክ ፍተሻዎች

አዲስ የተሠራ መኖሪያ ቤት የኃይል ቁጠባ ደንብን ማሟላቱ የሚረጋገጥበት የአየር ማፈትለክ ፍተሻ በቤቴ ላይ በሁለት የተለያዩ ድርጅቶች ተካሂዷል። የመጀመሪያው ድርጅት ሥራውን በሃያ አምስት ደቂቃ ጨርሶ ቤቱ ወሰኑን እንዳላሟላ የሚገልጽ አንድ ገጽ ሰጥቶኝ ሄደ። ሁለተኛው ግማሽ ቀን ቆይቶ አየሩ የሚያፈተልክባቸውን ቦታዎች አንድ በአንድ አሳየኝ፣ ከሳምንት በኋላም ተመልሶ ለካ፤ ቤቱም አለፈ። ሁለቱም የተጠቀሙበት መሣሪያ በዓይነቱ አንድ ነው፤ በመጀመሪያ ያነበቡት የአየር ፍሰትም ከሞላ ጎደል እኩል ነው። ይህን ግምገማ የምጽፈው፣ ፍተሻ ለማዘዝ የተዘጋጀ ሰው ድርጅቶችን በሚያመጡት ቁጥር ወይም በመሣሪያቸው ሳይሆን ማራገቢያው ከተነሣ በኋላ ባለሙያው በሚሠራው ሥራ እንዲመዝናቸው ስለምፈልግ ነው።

መሣሪያው በተለምዶ ብሎወር ዶር ይባላል። የሚዘረጋና የሚሰበሰብ ፍሬም በአንድ የውጭ በር መቃን ውስጥ ይገጠማል፤ ፍሬሙ አየር በማያሳልፍ ጨርቅ ይሸፈናል፤ በጨርቁ የታችኛው ክፍል በተተወው ክብ ቀዳዳ ላይ ደግሞ ፍጥነቱ የሚስተካከል ትልቅ ማራገቢያ ይቀመጣል። ማራገቢያው አየሩን ከቤት ወደ ውጭ ሲገፋ በቤቱ ውስጥ ያለው ግፊት ከውጭው ያንሳል፤ የጎደለውን ለመተካትም የውጭው አየር ባገኘው ስንጥቅ፣ መጋጠሚያና ቀዳዳ ሁሉ ይገባል። የግፊት ልዩነቱ 50 ፓስካል ላይ ሲረጋ፣ በማራገቢያው በኩል በሰዓት ስንት ሜትር ኩብ አየር እንዳለፈ ማኖሜትሩ (የግፊት መለኪያው) ያሳያል። ይህ መጠን ለቤቱ የውስጥ ይዘት ሲካፈል የቤቱ አየር በዚያ ግፊት በአንድ ሰዓት ውስጥ ስንት ጊዜ እንደሚለወጥ ይታወቃል፤ ብዙዎቹ ደንቦች ወሰናቸውን የሚያስቀምጡትም በዚህ ቁጥር ነው።

50 ፓስካል ሲባል ብዙ ሊመስል ይችላል፤ ነገር ግን 5 ሚሊ ሜትር ከፍታ ያለው ውኃ ከሥሩ በሚገኝ ነገር ላይ የሚያሳርፈው ግፊት ያህል ብቻ ነው። በሌላ አነጋገር፣ በሰከንድ 9 ሜትር ገደማ የሚጓዝ ነፋስ ቤቱን በሁሉም አቅጣጫ በአንድ ጊዜ ቢመታው ከሚፈጥረው ግፊት ጋር ይቀራረባል። ከዚህ ዝቅ ባለ ግፊት ቢለካ ተራ ነፋስና በውስጥና በውጭ መካከል ያለው የሙቀት ልዩነት ውጤቱን በቀላሉ ያዛባሉ። ስለዚህም በምስክር ወረቀቱ ላይ የሚሰፍረው ቁጥር በተራ ቀን ቤቱ ውስጥ የሚገባውን አየር አያመለክትም። ለምሳሌ በ4 ፓስካል፣ ማለትም በተለመደ የአየር ሁኔታ ከሚከሠተው ግፊት ጋር በሚቀራረብ ልዩነት፣ የሚያፈተልከው አየር በ50 ፓስካል ከሚያፈተልከው አንድ አምስተኛ ያህል ነው። የመጀመሪያው ድርጅት ይህን አላስረዳኝም፤ እኔም ቤቴ ቀንና ሌሊት ያን ያህል አየር የሚያባክን መስሎኝ ለሁለት ቀናት ተጨንቄአለሁ።

ወሰኑ ከደንብ ደንብ ይለያያል። በዩናይትድ ስቴትስ ብዙ ግዛቶች መነሻ የሚያደርጉት ዓለም አቀፉ የኃይል ቁጠባ ደንብ እ.ኤ.አ. በ2009 እትሙ ወሰኑን በሰዓት 7 ልውውጥ አድርጎ፣ በልኬት ፈንታ በዓይን ማረጋገጥንም ይፈቅድ ነበር። የ2012 እትም ግን ልኬቱን አስገዳጅ አደረገው፤ ወሰኑንም በሞቃት የአየር ንብረት ቀጠናዎች ወደ 5፣ በቀሩት ወደ 3 አወረደው። የካናዳው አር-2000 መስፈርት 1.5 ይጠይቃል፤ ከጀርመን የተነሣው የፓሲቭ ሃውስ መስፈርት ደግሞ 0.6። እንግሊዝ ፍሰቱን የምታካፍለው ለቤቱ ይዘት ሳይሆን ለግድግዳው፣ ለጣሪያውና ለወለሉ ጠቅላላ ስፋት ስለሆነ፣ የእርሷን ቁጥር ከሌሎቹ ጎን አስቀምጦ ማነጻጸር ያሳስታል። በእኔ ቤት ላይ የሚሠራው ወሰን 3 ነው።

የመጀመሪያው ባለሙያ ከመምጣታቸው በፊት የቤቱን ይዘት በስልክ ጠየቁኝ፤ እኔም ከፕላኑ ላይ አንብቤ 420 ሜትር ኩብ አልኳቸው። ከመጡ በኋላ በሩ ላይ መሣሪያቸውን ገጠሙ፣ መስኮቶቹ መዘጋታቸውን ከሳሎን ቆመው ተመለከቱ፣ ማራገቢያውን አስነሥተው በ50 ፓስካል አንድ ጊዜ ብቻ አነበቡ። ፍሰቱ በሰዓት 1,848 ሜትር ኩብ፣ ውጤቱም 4.4 ሆነ። አየሩ በየት በኩል እንደሚገባ ስጠይቃቸው «እኛ የምንለካ እንጂ የምንፈልግ አይደለንም» ብለው መለሱልኝ። በእርግጥ ደንቡ የሚጠይቀው ቁጥሩን ብቻ ስለሆነ ከውላቸው ያጎደሉት ነገር የለም። ሆኖም ወድቆ ምክንያቱን ያላወቀ ባለቤት ምን ሊያደርግ ይችላል? የቤቴን ተቋራጭ ባማክረው መስኮቶቹን ሁሉ ዙሪያቸውን በሲሊኮን እንድናስይዝ ሐሳብ አቀረበ፤ ያንን አድርገን ቢሆን ኖሮ ገንዘቡም ድካሙም ከንቱ እንደሚቀር ያወቅሁት በኋላ ነው።

ሁለተኛው ባለሙያ ሥራቸውን የጀመሩት ማራገቢያውን በማስነሣት ሳይሆን ሜትር ይዘው ክፍሎቹን በመለካት ነበር። ከፕላኑ የተወሰደው 420 ሜትር ኩብ የውጭ ግድግዳዎቹን ውፍረት ጭምር የያዘ መሆኑን አሳዩኝ፤ ትክክለኛው የውስጥ ይዘት 390 ሆኖ ተገኘ። ይዘቱ ሲያንስ ያው ፍሰት የሚሰጠው ውጤት ከፍ ስለሚል፣ ገና ሥራው ሳይጀመር ቤቴ ቀድሞ ካሰብኩት በባሰ ሁኔታ ወደቀ። ይህን የምጠቅሰው ቅሬታ ለማቅረብ አይደለም፤ የደንበኛውን ፊት የሚያጠቁር ቁጥር በመጀመሪያው ሰዓት ለመናገር የማይፈራ ባለሙያ በመጨረሻው ሰዓት የሚናገረውንም ማመን እንደሚቻል የተረዳሁት በዚያ ጊዜ ስለሆነ ነው።

ከዚያም ቤቱን ማዘጋጀት ቀጠሉ። የውጭ በሮችና መስኮቶች ሁሉ እንደ ወትሮው ይዘጋሉ፤ ከተሠራላቸው የጎማ ማሸጊያ አልፎ ግን በቴፕ አይታሸጉም። የውስጥ በሮች በሙሉ ይከፈታሉ፣ አለዚያ አንዱ ክፍል ከልኬቱ ውጭ ይቀራል። የጭስ ማውጫውና የወጥ ቤቱ አየር ማውጫ ክዳኖች ይዘጋሉ፤ በምድጃው ውስጥ አመድ ካለ ቤቱን እንዳይሞላው ይወጣል። ማሞቂያውና ማቀዝቀዣው ይጠፋሉ፤ ያለማቋረጥ የሚሠራ የአየር ማስገቢያ ሥርዓት ካለ ደግሞ ክፍተቶቹ ይታሸጋሉ። ዓለም አቀፉ የልኬት መስፈርት አይሶ 9972 ከአንድ በላይ የአዘገጃጀት ስልት ስለሚፈቅድ፣ ሪፖርቱ በየትኛው ስልት እንደተለካ መግለጽ አለበት። የመጀመሪያው ድርጅት ገጽ ይህን አይጠቅስም፤ እንደ እኔ አስተያየት በዚህ ብቻ እንኳ ሪፖርቱ ጎዶሎ ነው፤ ምክንያቱም ምን ክፍት ምን የታሸገ እንደነበር ካልተጻፈ ሌላ ሰው ልኬቱን ደግሞ ሊያረጋግጠው አይችልም።

ማራገቢያው ከመነሣቱ በፊትም መሣሪያው ተሸፍኖ ሳለ ነፋሱና ሙቀቱ ብቻቸውን የሚፈጥሩትን የግፊት ልዩነት መዝግበው ከውጤቱ ላይ ቀነሱ። የቀኑ ነፋስ ቀላል ስለነበር ልዩነቱ ትንሽ ነበር፤ ነፋሻማ በሆነ ቀን ግን ይህን ያልመዘገበ ልኬት እምነት ሊጣልበት አይችልም። ከዚያ ማራገቢያው ተነሣ፣ ግፊቱ 50 ፓስካል ላይ ረጋ፣ ፍሰቱም 1,850 ሜትር ኩብ ተነበበ፤ ለ390 ሲካፈል 4.7 ነው። በቤቱ ውስጥ የተበተኑት ስንጥቆች ሁሉ በአንድ ቦታ ቢሰበሰቡ እያንዳንዱ ጎኑ 30 ሴንቲ ሜትር የሆነ አራት ማዕዘን ቀዳዳ እንደሚያህሉ አስልተው ነገሩኝ። ይህ ንጽጽር ከማንኛውም ቀመር ይልቅ ገብቶኛል፤ እንዲህ ያለ ቀዳዳ በሳሎኔ ግድግዳ ላይ ቢኖር አንድ ሌሊት እንኳ ክፍት አልተወውም ነበርና።

የአገልግሎቱ እውነተኛ ዋጋ የተገለጠው በቀጣዮቹ ሦስት ሰዓታት ነው። ማራገቢያው እየሠራ ባለሙያው ቀጭን ጭስ የሚለቅ ብዕር ይዘው ከክፍል ወደ ክፍል ሲሄዱ እኔም ከኋላቸው ተከተልኩ። በመስኮቶቹ ዙሪያ ጭሱ ከሞላ ጎደል ቀጥ ብሎ ወጣ። በልብስ ማጠቢያው ክፍል ግን ወለሉ ላይ ካለው የፍሳሽ ቀዳዳ ተገፍቶ ወደ ላይ ተበተነ። ሲፎኑ (ውኃ ይዞ አየር እንዳያልፍ የሚያግደው የቧንቧ ጥምዝ) ለረጅም ጊዜ ውኃ ስላልፈሰሰበት ደርቆ ኖሯል፤ አንድ ጆግ ውኃ ብናፈስበት ማኖሜትሩ ላይ ያለው ቁጥር ወደ 1,810 ወረደ። አንድ ጆግ ውኃ በሰዓት 40 ሜትር ኩብ አየር ሲያስቀር በዓይኔ አየሁ። የመጀመሪያው ባለሙያም በዚያው ክፍል በር አጠገብ አልፈው ነበር።

ቀጥሎ ከኮርኒሱ በላይ ወዳለው ክፍት ቦታ መውጫ የሆነው ክዳን ተራ ደረሰ። ክዳኑ ከላዩ ሙቀት ከላካይ ቢደረግበትም ዙሪያውን ጎማ ስላልነበረው በእንጨት ላይ እንጨት ብቻ አርፏል። ባለሙያው ለሙከራ የሚጣበቅ የጎማ ማሸጊያ ሲያደርጉበት ፍሰቱ 1,665 ላይ ደረሰ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበትን ነገር አስረዱኝ፤ ሙቀት ከላካይና አየር ከላካይ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ እንደ ጥጥ ያለ የቃጫ ሙቀት ከላካይ ምንም ያህል ቢወፍር አየር በውስጡ ያልፋል፤ ክፍተቱ ካልታሸገ በቀር ሙቀቱ ከአየሩ ጋር አብሮ ይሄዳል።

ትልቁ ማፈትለኪያ የተገኘው ግን ማንም በማይጠረጥረው ቦታ፣ ከመታጠቢያ ገንዳው ጀርባ ነበር። ቧንቧ ሠራተኞቹ ለፍሳሹ መስመር በወለሉ ላይ ሰፊ ቀዳዳ ከፍተው ቧንቧውን ካሳለፉ በኋላ ዙሪያውን እንዲሁ ትተውታል፤ ቀዳዳው ከግድግዳው ውስጥ ባዶ ክፍል ጋር፣ ያ ክፍል ደግሞ ከጣሪያው ሥር ካለው ክፍት ቦታ ጋር ይገናኛል። ባለሙያው ይህን ዓይነቱን ሥውር መንገድ ሲያብራሩ የሙያቸውን ታሪክ ጠቀስ አደረጉ። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ማራገቢያው መጀመሪያ በስዊድን በመስኮት ላይ ተገጥሞ ለምርምር ያገለግል ነበር፤ በዚያው አሥርት ዓመት መጨረሻ የፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በዚሁ ዘዴ ቤቶችን ሲፈትሹ፣ ሰው ሁሉ በበርና በመስኮት ይወጣል ብሎ የሚያስበው አየር በብዛት የሚያመልጠው በግድግዳና በጣሪያ ውስጥ በተሰወሩ መተላለፊያዎች እንደሆነ ደረሱበት። የእኔ ተቋራጭ መስኮቶቹን እናሽግ ያለውም ከዚያ ግኝት በፊት የነበረውን ግምት ይዞ ነው።

ከዚህ በተጨማሪ ቤቱን ከጋራዡ የሚለየው ግድግዳ ከመሠረቱ ጋር በሚገናኝበት መስመር ላይ፣ በኮርኒሱ ውስጥ በተቀበሩት መብራቶች ዙሪያና በውጭ ግድግዳዎች ላይ ባሉት የሶኬት ሳጥኖች አየር ሲገባ አየን። የጋራዡን ስንጥቅ ባለሙያው ከሌሎቹ ለይተው በቀይ ጻፉት፤ በዚያ በኩል የሚገባው ከኃይል ብክነት አልፎ የመኪና ጭስ ስለሆነ ቤቱ ወሰኑን ቢያልፍም እንኳ መታሸግ ነበረበት።

የቀሩትን ቦታዎች ተቋራጩ በአንድ ሳምንት ውስጥ በፎም፣ በሲሊኮንና ለመብራቶቹ በተሠሩ ማሸጊያዎች ዘጋቸው። ባለሙያው ተመልሰው ሲመጡ ፍሰቱ አየር ወደ ውጭ በማውጣት 1,070፣ ወደ ውስጥ በማስገባት 1,110 ሆኖ ተለካ። በሁለቱም አቅጣጫ የለኩት አንዳንድ ክፍተቶች አየሩ ከአንድ ወገን ሲገፋቸው ስለሚዘጉ፣ ከሌላው ሲገፋቸው ደግሞ ስለሚከፈቱ ነው፤ የጣሪያው ክዳን ለምሳሌ በአንደኛው አቅጣጫ ከማረፊያው ጋር ይጣበቃል፣ በሌላው ይነሣል። አማካዩ 1,090 ለ390 ሲካፈል 2.8 ይሆናል፤ ቤቱም ወሰኑን አሟላ።

ስለዚህ ድርጅት ያለኝ አድናቆት ጉድለቶቹን እንዳልናገር አያደርገኝም። አንደኛ፣ የሙቀት ካሜራ ምርመራን የአገልግሎቱ አካል አድርገው ቢያቀርቡም በዚያ ቀን በቤቱ ውስጥና በውጭ መካከል የነበረው ልዩነት 4 ዲግሪ ብቻ ስለነበር ምስሎቹ ምንም አላሳዩም። ካሜራው በደንብ የሚያሳየው ልዩነቱ 10 ዲግሪ ሴልሺየስ ያህል ሲሆን እንደሆነ ራሳቸው ነግረውኛል፤ እንዲህ ከሆነ ቀጠሮውን ማለዳ ላይ ማድረግ ወይም ካሜራውን ከዝርዝሩ ማውጣት ይገባቸው ነበር። ሁለተኛ፣ የተጻፈው ሪፖርት ከመጨረሻው ልኬት በኋላ ዘጠኝ ቀን ዘግይቶ መጣ፤ በቤቱ ውስጥ ለመኖር የሚያስፈልገው ፈቃድ በእርሱ ላይ የተንጠለጠለ ስለነበር መዘግየቱ ቀላል አልነበረም።

ሦስተኛውና ከሁሉ የሚከብደው የደኅንነት ጉዳይ ነው። በጋዝ የሚሠራው የውኃ ማሞቂያ በፍተሻው ጊዜ መጥፋቱን አረጋግጠዋል፤ ቤቱ ከታሸገ በኋላ ግን የወጥ ቤቱ አየር ማውጫ ሲሠራ የማሞቂያው ጭስ በማውጫው በኩል በትክክል መውጣቱን የፈተኑት እኔ ስጠይቅ ብቻ ነው። ጥብቅ በሆነ ቤት ውስጥ አንድ ኃይለኛ ማውጫ አየሩን ወደ ውጭ ሲስብ በቂ ምትክ አየር ካልገባ፣ የማሞቂያው ጭስ ወደ ቤት ሊመለስና ካርቦን ሞኖክሳይድ ሊያመጣ ይችላል። በእኔ ቤት ጭሱ በትክክል ወጣ። ይሁን እንጂ ይህ ምርመራ በደንበኛው ጥያቄ ላይ የሚመሠረት መሆን የለበትም፤ ቤት ጥብቅ እንዲሆን የሚረዳ ሰው ጥብቅነቱ የሚያስከትለውንም አብሮ ሊመረምር ግዴታ አለበት ብዬ አምናለሁ።

ከዚሁ ጋር የሚሄደው ጥያቄ የንጹሕ አየር ነው። ጎረቤቶቼ «ቤቱን እንዲህ ካሸግከው በምን ትተነፍሳለህ?» ይሉኛል፤ ጥያቄያቸውም ተገቢ ነው። ደንቡም አስቦበታል፤ ከላይ የጠቀስኩት የአሜሪካው ሥርዓት እንዲህ ጥብቅ የሆነ ቤት በማራገቢያ የሚሠራ የአየር ማስገቢያና ማስወጫ እንዲኖረው ያዛል። በስንጥቅ የሚገባ አየር ነፋስ በነፈሰ ቀን ይበዛል፣ ጸጥ ባለ ቀን ይጠፋል፤ መንገዱም በጋራዡና በጣሪያው አቧራ ውስጥ ነው። በተወሰነ ቦታ፣ በተወሰነ መጠንና በማጣሪያ በኩል የሚገባ አየር ከዚያ እንደሚሻል ባለሙያው ሲያስረዱኝ አልተከራከርኳቸውም።

ቤት ለሚሠሩ ሰዎች የምሰጠው ብርቱ ምክር ስለ ጊዜው ነው። እኔ ፍተሻውን ያዘዝኩት ቤቱ ቀለም ተቀብቶ ካለቀ በኋላ ስለሆነ ከመታጠቢያ ገንዳው ጀርባ ለመድረስ የተለጠፈ ሴራሚክ መፍረስ ነበረበት። የአየር መከላከያው ሽፋን ተጠናቆ ጂፕሰም ቦርዱ ከመዘጋቱ በፊት አንድ ልኬት ቢደረግ፣ ያው ቀዳዳ በአንድ ጣሳ ፎም በጥቂት ደቂቃ ይዘጋ ነበር። የመጨረሻው ልኬት ለደንቡ ሲባል የግድ ነው፤ የመጀመሪያው ደግሞ ለባለቤቱ የሚጠቅመው ነው።

ድርጅት ስትመርጡ፣ ይዘቱን ራሳቸው ይለኩ እንደሆነ፣ የመሣሪያቸው የልኬት ትክክለኛነት መቼ እንደተረጋገጠ፣ ቤቱ ቢወድቅ ማፈትለኪያዎቹን ለማሳየት ይቆዩ እንደሆነ፣ ተመልሶ መለካት በውሉ ውስጥ መኖሩን ቀድማችሁ ጠይቁ። የማሸጊያ ሥራንም ራሱ የሚሸጥ ለኪ ባይሆን እመርጣለሁ፤ ቤቱ መውደቁ ገበያ የሚያመጣለት ሰው ልኬቱ ትክክል ቢሆንም እንኳ ደንበኛው በሙሉ ልብ ሊቀበለው ይቸገራል። ሁለተኛው ድርጅት ይለካል፣ ያሳያል፣ ይጽፋል እንጂ አያሽግም፤ ይህም ከመረጥኩባቸው ምክንያቶች አንዱ ነበር።

አዲስ እንጨት በመጀመሪያው ዓመት ደርቆ ስለሚኮማተር ዛሬ የተገጠሙ መጋጠሚያዎች በኋላ ሊከፈቱ ይችላሉ። ስለዚህ ለአንድ ዓመት ማጠናቀቂያ ያንኑ ድርጅት በድጋሚ ቀጥሬዋለሁ፤ በዚህ ጊዜ የጭስ ማውጫው ምርመራ ከመጀመሪያው በጽሑፍ እንዲካተት ጠይቄ ተስማምተዋል። የሚገኘውን ፍሰት ከ1,090 ጋር አነጻጽሬ በዚሁ ግምገማ ላይ እጨምረዋለሁ።